የቶሚ ጆን ክርን



በአሜሪካ የቤዝቦል ሜዳዎች «ቶሚ ጆን» የሚለው ስም ዛሬ በቅድሚያ የሚያሳስበው ሰውየውን ሳይሆን ቀዶ ሕክምናውን ነው። አንድ ወጣት ተጫዋች «ቶሚ ጆን ተደረገለት» ከተባለ፣ ክርኑ ተከፍቶ የተበጠሰ ጅማቱ በሌላ ተተካ ማለት ነው። ስሙን ለሕክምናው ያዋሰው ሰው ግን በ26 የውድድር ዘመኖች ኳስ የወረወረ ባለሙያ ነበር። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ሰው የሥራ ዘመንና ስለ ግራ ክርኑ ይሆናል። ዘመኑ ሁሉ የሚጠቀሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ ጥቂት ማስረዳት ያሻል። ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ፣ ከፍ ብሎ በተደለደለ አፈር ላይ ቆሞ ከ142 እስከ 149 ግራም የምትመዝን ኳስ ይወረውራል፤ መቺውም በዱላ ሊመታት ይሞክራል። በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል መወርወር የተለመደ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ፣ ሲሸነፍም ሽንፈቱ በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ የወርዋሪ የሥራ ዘመን በቁጥር ለመመርመር ይመቻል።

ለመሐንዲስ እጅግ የሚያስደንቀው ግን ውጤቱ ሳይሆን ጭነቱ ነው። ክንዱ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ፊት መፈትለክ በሚጀምርበት ቅጽበት የክርኑ ውስጠኛ ጎን ሊከፈት ይታገላል። ይህን የሚከለክለው የላይኛውንና የታችኛውን የክንድ አጥንት የሚያያይዝ አንድ አጭር ጅማት ነው። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ልኬቶች መሠረት፣ ጠንካራ ወርዋሪ በሚወረውርበት ጊዜ ክርኑ የሚቋቋመው የመጠምዘዝ ኃይል 60 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ከሬሳ ላይ የተፈተነው ጅማት ግን ለብቻው ከ30 ኒውተን ሜትር ጥቂት ከፍ እንዳለ ይበጠሳል። የቀረውን ጭነት የሚሸከሙት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው፤ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል። እንዲህ ያለ ንድፍ ቢቀርብለት ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ መኖሩ ያጠራጥራል።

ቶሚ ጆን በ1943 በኢንዲያና ግዛት፣ ቴሬ ሆት በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1963 ለክሊቭላንድ መወርወር ጀመረ፤ ከ1965 እስከ 1971 በቺካጎ ዋይት ሶክስ ቆየ፤ በ1971 መጨረሻ ዲክ አለን በተባለ ዝነኛ መቺ ልዋጭ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተሰጠ። ኳሱ ፈጣን አልነበረችም። ችሎታው ወደ መቺው ስትቀርብ ዝቅ የምትል ኳስ ከተፈለገው ቦታ ማድረሱ ነበር። መቺው እንዲህ ያለችውን ኳስ ቢመታትም ብዙውን ጊዜ በመሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ተከላካዮቹም ያነሷታል።

በ1974 የውድድር ዘመን 13 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሳለ፣ ሐምሌ 17 ቀን ከሞንትሪያል ጋር በተደረገው ጨዋታ ጅማቱ ተበጠሰ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህ ጉዳት ለወርዋሪ የሥራው ፍጻሜ ነበር።

ዶክተር ፍራንክ ጆብ መስከረም 25 ቀን ክርኑን ከፈቱ። ከቀኝ ክንዱ አንድ ቀጭን ጅማት አወጡ፤ ይህ ጅማት አንዳንድ ሰው ጭራሹን ሳይኖረው የሚወለድ፣ ቢወጣም የእጅን አያያዝ እምብዛም የማይጎዳ፣ በእኛ ቋንቋ ትርፍ ተሸካሚ ሊባል የሚችል ነው። በሁለቱ አጥንቶች ላይ ቀዳዳ ሰርስረው ጅማቱን በ8 ቁጥር ቅርጽ አሾልከው አሰሩት። ወደ ሜዳ የመመለሱንም ዕድል ከመቶ አንድ ብለው ገመቱት።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተተከለው ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ያገናኝ የነበረ እንጂ አጥንትን ከአጥንት ለማሰር የተፈጠረ አልነበረም፤ አዲሱን ሥራ እንዲለምድ ሰውነቱ ቀስ በቀስ መለወጥ ነበረበት። በዚህ ላይ በክርኑ የሚያልፈው ነርቭ በመጎዳቱ ጣቶቹ ተቆለመሙ፤ በታኅሣሥ ወር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። የ1975 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አለፈ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር፤ ለመተው በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ ግን እየወረወረ ቆየ።

በ1976 ተመልሶ 10 አሸነፈ፣ 10 ተሸነፈ። በ1977 ደግሞ 20 ድል አገኘ። ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ከተዛወረ በኋላ በ1979 21፣ በ1980 22 ጊዜ አሸነፈ። በ1989 በ46 ዓመቱ ሥራውን ሲያቆም የድሉ ብዛት 288 ደርሶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 124ቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ 164ቱ ከዚያ በኋላ የተገኙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ብቻ መስጠት ስሕተት ነው። የተጠገነው ክርን 13 ዓመት ያገለገለው ባለቤቱ በፍጥነት የማይተማመን ሰው ስለነበረ ጭምር ሳይሆን አይቀርም። ድልድይ ከተጠገነ በኋላ የሚያልፍበት መኪና ክብደት መጠየቁ አይቀርም። የዛሬዎቹ ወርዋሪዎች ግን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ይሽቀዳደማሉ። ከ2007 እስከ 2011 በአሜሪካ ይህ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ነበር። ይባስ ብሎ ጤናማ ክርን ቢቀደድ ፍጥነት ይጨምራል ብለው የሚያምኑ ወላጆችና አሠልጣኞች መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል። ቶሚ ጆን ራሱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ እንዳይወረውሩ በአደባባይ ሲያሳስብ ቆይቷል።

በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ዶክተር ጆብን በ2013 አክብሯቸዋል፤ በተከታዩ ዓመት አረፉ። ቶሚ ጆን ግን እስከ 2009 ድረስ ለ15 ዓመታት በጋዜጠኞች ድምፅ ሲመዘን ቆይቶ ሳይመረጥ ቀረ። በታኅሣሥ 2024 ጉዳዩ እንደገና ለ16 መራጮች ቀረበ። 12 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 7 አገኘ። በዚያው ዕለት ከተመረጡት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ በ1971 እሱ በልዋጭ የተሰጠበት ዲክ አለን ነበር።