የሕፃን ዕድገት ሲዘገይ ለወላጅ ስለሚነገርበት አኳኋን



በጅቡቲ ከተማ፥ በሆዳን ሰፈር ከሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ አማርኛ፥ ከጎረቤት ሶማልኛ፥ በሕፃናት ማዋያው ደግሞ ፈረንሳይኛ ሊሰማ ይችላል። ይህ ልጅ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጋጥሞ ባይናገር፥ መምህርቲቱ ምክንያቱን በቋንቋዎቹ ብዛት ላይ ለመጣል ትፈጥናለች። ነገር ግን የቋንቋ መብዛት ብቻውን አንደበትን አያዘገይም። ቃላቱ የሚቈጠሩት ከየቋንቋው ተደምረው ነው፤ እናቱን «እማ»፥ ውሃን ግን እንደ ጎረቤቶቹ «ቢዮ» የሚል ልጅ ሁለት ቃል አለው። ድምሩም ከዕድሜው በታች ቢሆን፥ ስሙ ሲጠራ ባይዞር፥ ይልቁንም ይናገረው የነበረውን ቃል ቢያጣ፥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ይገባዋል። አስቀድሞም ጆሮው ይመርመር፤ ባለመስማቱ ብቻ እንደ እልከኛ ተቈጥሮ የሚቀጣ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ከባዱ ነገር ለወላጅ መንገሩ ነው። ቀትር ላይ፥ ጫት ከኢትዮጵያ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ሲታወክ፥ በማዋያው ደጃፍ በሌሎች እናቶች ፊት የሚነገር ነገር አይደለም። ለብቻ ተቀምጦ፥ ቢቻል አባትም ባለበት ይነገራል። መምህርቲቱ የበሽታ ስም አትሰጥም፤ ይህ የሐኪም ፈንታ ነው። እርስዋ ያየችውን ብቻ ትናገራለች፦ «እትዬ፥ በዚህ ሳምንት ከኋላው ሆኜ ስሙን ስጠራው ብዙ ጊዜ አልዞረም። በቤትስ እንዴት ያዩታል?» ከዚህ በኋላ ዝም ብላ ትሰማለች።

እናት «አባቱም በ4 ዓመቱ ነው አፉን የፈታ» ትል ይሆናል፤ ጠበል እንደምትወስደውም ትናገር ይሆናል። ጠበሉን መንቀፍ አይገባም፤ ሐኪም ጋ መሄድን አይከለክልምና። «ያድጋል፥ ይለወጣል» ብሎ ማሰናበት ግን ደግነት ይመስላል እንጂ ደግነት አይደለም፤ ልጁ እርዳታ የሚያገኝበትን ጊዜ ይበላበታል።

እናትን ዝም የሚያሰኛት ብዙ ጊዜ አለማስተዋል አይደለም፤ «አዎ» ብትል ልጇ ከማዋያው እንዳይባረር ትፈራለች። ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ. ኤ. አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፥ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማግኘት ተስኗቸው ነበር። በ2021 እስኪያርፉም ድረስ፥ ወላጆች እንዲህ ያሉትን ልጆች በጓዳ እንዳይደብቁ በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል።

ስለዚህ መምህርቲቱ ከሁሉ አስቀድማ «ልጅዎ ቦታው ነገም እንደ ተጠበቀ ነው» ማለት አለባት። ይህንንም ለማለት፥ ከንግግሩ በፊት ከማዋያው ኃላፊ ዘንድ ቃል መቀበል ያስፈልጋታል።