ሲሸጥ ያልተነገረው
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ)

ስለ ብሮሚሊያድ ንገሪን ስላላችሁኝ ደስ ብሎኛል። በቅድሚያ ግን የምናዘዘው ጥፋት አለኝ።

ባለፈው ባዛራችን ጉዝማኒያ የሚባለውን፣ መሐሉ ላይ እንደ ችቦ ቀልቶ የሚቆመውን ስሸጥ፣ አንዲት ልጅ «ይቆያል?» አለችኝ። «ለወራት» አልኳት። አልዋሸሁም። ቀዩ ነገር ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፤ ዋናዎቹ አበቦች በመካከሉ ብቅ ብለው ቶሎ የሚጠወልጉ ትንንሾች ናቸው። ያልነገርኳት፣ ተክሉ አንድ ጊዜ አብቦ ቀስ በቀስ እንደሚሞት ነው። የገዛችው ለታመሙ እናቷ ኖሯል። ሲደርቅባቸው እናትየው በክፉ ምልክት ተረጎሙትና አስጣሉት። «ከጎኑ ትንንሽ ቅጠሎች ወጥተው ነበር፤ አረም መስሎን» አለችኝ። ልጆቹ ነበሩ።

አገር ቤት ሙዝ ባለበት ጓሮ ያደጋችሁ ይህ አይጠፋችሁም። ሙዝ አንዴ ካፈራ እናቲቱ ታልቃለች፣ ከሥሯ የበቀሉት ይተካሉ። ብሮሚሊያድም እንደዚያው ነው። የአናናስ ዘመድ ነው፤ ዘሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ናቸው። ብዙዎቹ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ስለሚያድጉ ሥራቸው በዋናነት መያዣ ነው፤ ውኃ የሚጠጡት በቅጠሎቹ መካከል ካለችው ጽዋ ነው። ውኃውን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ገልብጣችሁ ለውጡት፤ ከቆየ ይሸታል። የዝናብ ውኃ ካገኛችሁ ይመረጣል። አፈሩ ግን አይጨቅይ፤ እኔ የገደልኳቸው በሙሉ ሥራቸው በስብሶ ነው። ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ፣ ጠራራ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ይስማማዋል። በክረምት ማሞቂያው ሥር አታስቀምጡት።

ልጆቹን ለመለየት አትቸኩሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጣት ሲያክሉ ቆርጬ ሁሉንም አጣኋቸው። እናቲቱ ቅጠሏ እየደረቀም ትመግባቸዋለች። የእናታቸውን ሲሶ ወይም ግማሽ ሲያክሉ በንጹሕ ቢላ ቆርጣችሁ፣ የዛፍ ቅርፊት በተቀላቀለበት ልል አፈር ትከሏቸው። ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅባቸዋል። አድጎ እንቢ ካለ ጽዋውን አፍስሳችሁ ከበሰለ ፖም ጋር ፌስታል ውስጥ ለሳምንት ያህል ዝጉበት፣ ፀሐይ ግን አያግኘው። ፖሙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ አበባውን ይቀሰቅሳል፤ ውጤቱን ለማየት ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ጎረቤቴ ሳቀችብኝ፤ ሲያብብ ግን ፖም ልትገዛ ሄደች።

አሁን ወደ ባዛሩ ልመለስ። በየማሰሮው ላይ ወረቀት እንለጥፍ ስል አንዳንዶቻችሁ «ይሞታል ብለን ጽፈን ማን ይገዛናል?» ብላችኋል። ገቢው አዲስ ለሚመጡ እኅቶች የቤት ኪራይ መነሻ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ለእኔም ሆኖልኛል። ቢሆንም «አንድ ጊዜ ያብባል፣ ልጅ ይተካል፣ አትጣሉት» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ። ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።

ለዚያች ልጅ እናት አንድ ልጅ ከነማሰሮው ወስጄላቸዋለሁ። ገና አላበበም፤ ጽዋውን ግን በየሳምንቱ ራሳቸው ይለውጣሉ። ቤቴ ለመለየት የደረሱ ስድስት አሉ፤ የምትፈልጉ ማሰሮ ይዛችሁ ኑ።