በመጽሐፉ ውስጥ የእኛ መስጊድ የት አለ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መጻሕፍት ነው። የምናነሣቸው ግን በፊደል ብቻ የተሞሉትን ሳይሆን ስለ ሥነ ሕንፃ፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ጥበብ የሚዘጋጁትን፣ ወፍራም ሽፋንና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸውን ባለ ሥዕል መጻሕፍት ነው። ስለ መስጊዶች ብቻ የተዘጋጁት እንኳ ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1994 ማርቲን ፍሪሽማንና ሐሰን ኡዲን ኻን ያዘጋጁት የመስጊድ ታሪክ መጽሐፍ ከታወቁት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህም በርካቶች ታትመዋል። ከውጭ የሚመለስ ዘመድ አንዳንዴ በስጦታ ያመጣቸዋል። ቤተሰብ በክብር ሳሎን ያስቀምጣቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣሉ።

ውድ አድማጮች፣ ከእንግዳው ይልቅ መጽሐፉን ደጋግመው የሚገልጡት ልጆቻችን ናቸው። ልጁ ሲገልጥ የኢስታንቡልን ጉልላት፣ የኢስፋሃንን ሰማያዊ ሸክላ፣ የቆርዶባን ቀይና ነጭ ቅስቶች ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ አባቱ የሚሰግዱበትን በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የሰፈር መስጊድ ይመለከታል። አፍ አውጥቶ ባይናገርም በልቡ «እውነተኛው መስጊድ እዚያ ነው፤ የእኛው ምንም አይደል» የሚል ሐሳብ ሊያድርበት ይችላል። መጽሐፉ ይህን አላለም። ነገር ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ከሌለ ልጁ ሌላ ምን ይረዳል?

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሥዕልና ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ በቤት ማስቀመጥ እንዴት ይታያል የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ሥዕልና ፎቶግራፍ በተመለከተ ዑለማዎቻችን በስፋት ተነጋግረዋል፤ በፎቶግራፍ ጉዳይም የተለያየ አቋም ይዘዋል። ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተዋለን። ነፍስ የሌላቸውን በተመለከተ ግን ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ) በሥዕል ሥራ ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሕንፃ ከዚህ የሚመደብ ነው። በመሆኑም የመስጊድን ግድግዳ፣ ሚሕራብና ምሰሶ የሚያሳይ ፎቶግራፍ የሚያስጨንቀን አይሆንም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ መዲና ላይ ሲሠራ ምን ይመስል ነበር? ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው የቴምር ዝንጣፊ፣ ምሰሶው የቴምር ግንድ ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ) ምንም አልጨመሩበትም። ዑመር (ረ.ዐ) ሲያሰፉት በዚያው በጡብና በቴምር ዝንጣፊ ሠሩት። በተጠረበ ድንጋይና በኖራ ያሠሩት፣ ጣሪያውንም በጥሩ እንጨት ያስለበሱት ዑስማን (ረ.ዐ) ናቸው። እንግዲህ ከሁሉ በላይ የምንወደው መስጊድ የተጀመረው አገሩ ባፈራው ጭቃና ግንድ ነው። የጭቃ መስጊድ አይቶ የሚያፍር ልጅ ይህን ታሪክ ያልሰማ ልጅ ነው።

ደግነቱ ባለ ሥዕል መጻሕፍቱም፣ በደንብ ለመረጣቸው ሰው፣ ይህንኑ ያስተምራሉ። ሦስት ምሳሌዎችን እናንሣ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የሰባስቲያን ሹታይዘር መጽሐፍ ነው። ይህ ፎቶግራፍ አንሺ ማሊ ውስጥ በኒጀር ወንዝ ዳር ያሉ መንደሮችን ለዓመታት እየዞረ ከ500 በላይ የጭቃ መስጊዶችን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አንሥቷል። አብዛኞቹ ስማቸው ከመንደራቸው አልፎ የማይታወቅ ትንንሽ መስጊዶች ናቸው። በዚያው አገር የታወቀው የጄኔ ታላቁ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ከተማው በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናብ ጭቃውን ስለሚያጥበው ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ መስጊዱን እንደገና ይመርገዋል። ልጆች ጭቃውን ያቦካሉ፣ ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ፣ ግንበኞች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ባሉት እንጨቶች ላይ ቆመው ይለስናሉ። ያ እንጨት ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሳይሆን መወጣጫም ነው። እኛ ጅጌ ወይም ደቦ የምንለው መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት ሕንፃው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ከባንግላዴሽ ነው። የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት በየሦስት ዓመቱ ከሚሰጠው ሽልማት ጋር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ያሳትማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተሸለሙት አንዱ በዳካ ከተማ የሚገኘው በይቱር ረዑፍ መስጊድ ነበር። ንድፉን የሠሩት ማሪና ታባሱም የተባሉ ሴት አርክቴክት ሲሆኑ፣ መሬቱን የሰጡት አያታቸው ናቸው። መስጊዱ ጉልላት የለውም፤ ሚናራም የለውም። የተሠራው በአገሩ ጡብ ነው። በጣሪያው ላይ ካሉ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች የሚወርደው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ከዋክብት ይበተናል። በጡቡ መካከል የተተዉት ክፍተቶች ነፋስ ያስገባሉ። አንዲት አያት የለገሱት መሬት ዛሬ በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። ለአላህ ብሎ የሰጠ ሰው ሥራው የት ድረስ እንደሚደርስለት አያውቅም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሻሂድ ሰሊም መጽሐፍ ነው። ስለ ብሪታንያ መስጊዶች ይተርካል። በ1889 በሊቨርፑልና በዎኪንግ ከተጀመሩት ተነሥቶ ስደተኞች ተራ መኖሪያ ቤቶችን እየገዙ፣ ግድግዳ እያፈረሱ፣ ስጋጃ እያነጠፉ እንዴት መስጊድ እንዳደረጓቸው ያሳያል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ታሪክ ያውቁታል፤ አዳራሽ ተከራይተው ጁሙዓ የሰገዱበትን ዘመን ያስታውሳሉና። ጸሐፊው ለእነዚያ ተራ ቤቶች ከትልልቆቹ ጎን ቦታ ሰጣቸው። ፕላናቸውን አስቀመጠ፤ ማን እንደጀመራቸው ጻፈ።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ታዲያ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የእኛ መስጊድ የት አለ?

ፈጽሞ የለም ማለት ልክ አይሆንም። የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶች እንዳሉት፣ ከእነርሱም ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ በዩኔስኮ ሰነድ ሰፍሯል። የሐረሪ ቤት መደቡ፣ ግድግዳ ላይ የተደረደረው ስፌትና ሳህን በብዙ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ይታያል። ሆኖም ከሐረር ግንብ ወጥተን ወደ ወሎ፣ ወደ ይፋት፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ጅማ ስንሄድ ገጹ እየሳሳ ይመጣል። ደረሳው ኪታብ የቀራበት፣ ሸኾች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ስንትና ስንት መስጊድ አንድ የረባ ፎቶግራፍ ሳይነሣ አርጅቷል።

ማርጀቱስ ባልከፋ፤ ብዙዎቹ እየፈረሱ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ጀማዓው በዝቶ ቦታው ይጠባል፤ ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ ጣሪያው ያፈስሳል። አንድ ደግ ሰው ገንዘብ ያወጣል፤ አሮጌው በሁለት ቀን ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሰፊ መስጊድ ይሠራል። መስጊድ ማስፋት ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ሰሓቦችም አድርገውታል። እኛም አትሥሩ፣ አታስፉ አንልም። የምንለው ሳትመዘግቡ አታፍርሱ ነው። ምሰሶው ስንት ነበር? ሚሕራቡ ምን ይመስል ነበር? ማን ጠረበው? ውኃው ከየት ይመጣ ነበር? አሮጌው ከፈረሰ ከ20 ዓመት በኋላ ይህን የሚመልስ ሰው አይገኝም።

ያልተመዘገበ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት ወደ ድሬዳዋ አቅራቢያ ወደ ሐርላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እዚያ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ቅሪት ማግኘታቸው ተገልጿል። ዛሬ ቅርጹን ለማወቅ አፈር በብሩሽ እየጠረጉ መሠረቱን መከተል የግድ ሆኗል። ያ ዘመን ፎቶግራፍ አያውቅም ነበርና አይወቀስም። በእያንዳንዱ ኪስ ካሜራ ያለበት የእኛ ዘመን ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

የተመዘገበ ነገር እንዴት እንደሚተርፍ ደግሞ ከኢራቅ ከተማ ከሞሱል እንማር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኑሪ መስጊድና ሐድባእ እየተባለ የሚጠራው ዘመም ያለ ሚናራው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በጦርነቱ ጊዜ በፈንጂ ወደሙ። ነገር ግን ቀደም ሲል የተነሡ ፎቶግራፎችና ልኬቶች ነበሩ። ባለሙያዎች ከፍርስራሹ የተለቀመውን ጡብ እነዚህን ማስረጃዎች እያዩ መልሰው ገነቡት፤ መስጊዱም በ2025 ተመልሶ ተከፈተ። ሚናራው እንደ ጥንቱ ዘመም ብሎ ቆሟል። ቀድሞ ያነሡት ሰዎች ፎቶግራፋቸው ለዚህ ይሆናል ብለው አላሰቡም ይሆናል።

በአገራችንም ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። የነጃሺ መስጊድ በቱርክ ድጋፍ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2020 በትግራይ ጦርነት ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል። ጉዳቱን ሁላችንም የተረዳነው የቀድሞውንና የኋላውን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አይተን ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። ፋሲል ጊዮርጊስና ደኒ ዤራር እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1941 የነበረውን የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ በባለ ሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅተው በ2007 አሳትመዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከሳሎን ጌጥነት አልፎ ምስክር ሆነ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ግለጡት። «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ አትለፉ። ይህ ከምን ተሠራ? ብርሃኑ በየት ይገባል? ቂብላው በየት ነው? ውዱእ የሚደረገው የት ነው? ማን ከፈለው? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ልጁን ወደ ሰፈራችሁ መስጊድ ወስዳችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁት። ያን ጊዜ ሁለቱን ማወዳደሩን ትቶ ሁለቱንም ማንበብ ይጀምራል። መጽሐፉ ውድ ከሆነም አንድ ሰው ብቻውን መግዛት የለበትም፤ ጀማዓው አዋጥቶ ለመድረሳው ቢገዛ ለብዙ ልጆች ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ የራሳችሁን መስጊድ መዝግቡ። አንሺው በፀጥታ ሰዓት፣ ከሶላት ውጭ፣ ኢማሙን አስፈቅዶ ይግባ። ሰጋጆችን፣ በተለይም እናቶችንና እህቶችን ያለ ፈቃዳቸው አያንሣ። ሕንፃውን ከአራቱም ማዕዘን፣ ቀጥሎ ሚሕራቡን፣ ምሰሶዎቹን፣ የጣሪያውን ወራጅ፣ በሩንና የውዱእ ቦታውን ያንሣ። ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር ይለካ። ሽማግሌዎችን ጠይቆ ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደገነባው፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። በስልክ ብቻ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ በወረቀት ይታተም፤ ጀርባው ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በመስጊዱ፣ አንዱ በመድረሳው፣ አንዱ በታማኝ ሰው ቤት ይቀመጥ።

በመጨረሻም ኒያችንን እናስተካክል። ሰዎች በመስጊዶቻቸው የሚፎካከሩበት ዘመን እንደሚመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። የምንመዘግበው ለፉክክር አይደለም። አባቶቻችን በድህነታቸው ጊዜ፣ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው ያቆሙት የአላህ ቤት አደራ ስለሆነ ነው። ግድግዳው ዘላለም አይቆምም፤ እንዲቆምም አልታዘዝንም። የሠሩት ሰዎች ዱዓ ሊደረግላቸው ሲገባ ስማቸው ከፍርስራሹ ጋር እንዳይጣል ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ወረሐኢሉና ባቲ ያለው ትንሽ መስጊድ ገጽ ሊኖረው የሚችለው በእናንተ በኩል ነው፤ ከውጭ መጥቶ የሚጽፍልንን ስንጠብቅ ብዙ ጊዜ አልፏል።

አላህ ቤቶቹን ካነጹት፣ ከጠበቁትና በዒባዳ ካሳመሩት ባሮቹ ያድርገን። ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ይማርልን። አሚን።