የታወር ጕድጓድ ባለቤቶች

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ መኾኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ስለ ከሰል ደግሞ ምን ይወራል?» ብለው ቀልደውብናል። እኛም ሥቀን ተቀበልነው። ኾኖም በዚህ አዳራሽ ውስጥ «ንብረት የማን ይኹን?» እያልን ስንት ማታ እንደ ተከራከርን ኹላችንም እናስታውሳለን። አንዱ የባለገንዘቡ ይኹን ይላል፤ ሌላው የመንግሥት ይኹን ይላል፤ ሦስተኛው ተነሥቶ የሠራተኛው ካልኾነ ሞቼ እገኛለኹ ይላል። እነዚህን ኹሉ በየተራ ያየ አንድ ጕድጓድ ስላገኘን፣ ክርክሩን ለአንድ ማታ ከመጽሐፍ አውጥተን ወደ መሬት ሥር ብናወርደው መልካም ነው አልን። የምንጠራቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጕድጓዱ ታወር ይባላል። የሚገኘው በዌልስ አገር ደቡብ፣ ሂርዋይን በምትባል መንደር አጠገብ፣ በኪነን ሸለቆ ራስጌ ነው። ታወር ማለት ግንብ ማለት ሲኾን፣ ስሙን ያገኘው ክሮሼይ የተባለ የብረት ፋብሪካ ጌታ በ1848 በአቅራቢያው ካሠራው ግንብ ነው። በዚያው በሂርዋይን ሜዳ ላይ በ1831 የተነሡ ሠራተኞች ጨርቅ በጥጃ ደም ነክረው ቀይ ሰንደቅ አድርገው እንዳቆሙ ይነገራል። እንግዲህ የጌታው ግንብና የሠራተኛው ሰንደቅ የቆሙበት ሜዳ አንድ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ከመሬት በታች ያለው ከሰል የባለመሬቱ ንብረት ነበር። ኩባንያው ይቈፍራል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ገንዘብ ያወጣል፤ ባለመሬቱ ግን አካፋ ሳይነካ ከሚወጣው ከያንዳንዱ ቶን ድርሻውን ይቀበላል። በደቡብ ዌልስ ከዚህ ዐይነቱ ገቢ ብዙውን ይሰበስቡ ከነበሩት መካከል ግንባር ቀደሞቹ የቢዩት ማርኪዞች ናቸው። በ1839 በካርዲፍ የተከፈተውን የመርከብ ማረፊያ ያሠሩትም እነሱው ስለ ኾኑ፣ ከሰሉ ከመሬት ሲወጣም ከወደብ ሲወጣም ይከፈላቸው ነበር። በአገራችን እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ጭሰኛው እርቦና ሲሶ ሲከፍል የኖረበትን ሥርዐት ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያሻውም፤ ልዩነቱ የባላባቱ ማሳ ከመሬት በታች መኾኑ ብቻ ነው። ይህ መብት በ1938 በወጣ ሕግ ወደ መንግሥት ሲዛወር፣ ለብሪታንያ ባለመብቶች በጠቅላላ 66 ሚሊዮን 450 ሺሕ ፓውንድ ካሣ ተከፍሏል።

ከኩባንያዎቹ ወገን በዚያ ሸለቆ ስሙ የገነነው ፓወል ዳፍሪን ነበር። ባለጕድጓዱ ቶማስ ፓወል በ1863 ሲሞት ልጆቹ ጕድጓዶቹን ሸጡ፤ በ1864ም በአክሲዮን የቆመ ኩባንያ ተመሠረተ። እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ጣልቃ ብናስገባ ቅር አይበላችኹ። ከልጆቹ አንዱ፣ እንዳባቱ ቶማስ የተባለው፣ በ1869 ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ለአደን ወደ ሐበሻ ምድር መጥቶ ሦስቱም በዚሁ ተገድለው ቀርተዋል። ወንድሙ ዋልተር ደግሞ የፓርላማ አባል ከኾነ በኋላ በ1881 በባሉን ሲበር ነፋስ ወደ ባሕር ወስዶት ጠፋ። ከሰሉን የሚቈፍረው ሰው ከሸለቆው ሳይወጣ ሲያረጅ፣ የከሰሉ ገንዘብ ግን ይህን ያኽል ያንከራትት ነበር።

በ1913 ደቡብ ዌልስ ወደ 57 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ከሰል አወጣ። ይህም እስከ ዛሬ ያልተደገመ ልክ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሴንጌኒዝ በሚባል ጕድጓድ በደረሰ ፍንዳታ 439 ሠራተኞችና አንድ የነፍስ አድን ሰው ሞቱ። የደኅንነት ሕግ በመጣሱ የጕድጓዱ ሥራ አስኪያጅ የተቀጣው 24 ፓውንድ ነበር፤ ሒሳብ የምትችሉ ለነፍስ ወከፍ አካፍሉት። በ1919 ዳኛ ሳንኪ የመሩት ኮሚሲዮን ጕድጓዶቹ የሕዝብ ሀብት ይኹኑ የሚል ሐሳብ ቢያቀርብም መንግሥት አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ መርከቦች ወደ ነዳጅ ዘይት ሲዞሩ ገበያው ወደቀ። ትንንሾቹ ኩባንያዎች በትልልቆቹ ተዋጡ፤ ፓወል ዳፍሪንም በ1935 ዋናውን ተቀናቃኙን ጠቅልሎ ገናና ኾነ። ሥራ ያጣው የሸለቆ ሰው ግን የኩባንያውን ስም ሁለት መነሻ ፊደላት «ድኽነትና የመንግሥት ምጽዋት» እያለ ይፈታቸው ነበር።

በመጨረሻ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1947 ጕድጓዶቹ ኹሉ የመንግሥት ኾኑ። ለባለኩባንያዎቹ 164 ሚሊዮን 660 ሺሕ ፓውንድ ተወሰነላቸው። በየጕድጓዱ በር ሰንደቅ ተሰቀለ፤ ማዕድኑ ከእንግዲህ በሕዝብ ስም በብሔራዊ የከሰል ቦርድ እንደሚተዳደር የሚገልጽ ሰሌዳ ተተከለ። ሽማግሌዎች አለቀሱ። በማግሥቱ ወደ ሥራ ሲገቡ ግን ብዙዎቹ ያገኙት የትናንቱን ሥራ አስኪያጅ በትናንቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

እኛ የመንግሥት ንብረትነትን ለማጣጣል አልተነሣንም። ደኅንነቱም ደመወዙም ተሻሽሏል። ነገር ግን ከታወር ብዙ በማይርቀው በአበርፋን መንደር የኾነውን ሳንናገር ብናልፍ እውነቱን ሸሸግን ማለት ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ከጕድጓድ እየወጣ በተራራ ላይ የተከመረ ዝቃጭ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው፤ 116 ሕፃናትና 28 ዐዋቂዎች ሞቱ። ነገሩን የመረመረው ሸንጎ ጥፋቱ የከሰል ቦርዱ መኾኑን በ1967 ፈረደ። ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው እኛን ይበልጥ ያስደነቀን። በላይ የቀሩት ክምሮች ይነሡልን ብለው የሞቱት ልጆች ወላጆች ሲጮኹ፣ ለማንሻው ከሚያስፈልገው ገንዘብ 150 ሺሕ ፓውንድ የተወሰደው ሕዝብ ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው የርዳታ ገንዘብ ላይ ነበር። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ሲኾን ያለ ወለድ ነው። በሕዝብ ስም የተተከለው ሰሌዳ ሕዝቡን ራሱን ሲያስከፍል እንዲህ አድርጎ ነው።

በታወርም በ1962 በደረሰ ፍንዳታ 9 ሰዎች ሞተዋል። በማግሥቱ ዓመት በጕድጓዱ ውስጥ ከሞቱት አንዱ የታይሮን ኦሳሊቫን አባት ነበር። ልጁ እዚያው ገብቶ ሠራ፤ በኋላም የሠራተኞቹ ማኅበር የጕድጓዱ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ኾነ።

የ1984ቱን የአንድ ዓመት አድማ ኹላችኹም ስለምታውቁት አንዘልቅበትም። ሠራተኞቹ በማርች 1985 ተሸንፈው ተመለሱ፤ ጕድጓዶቹ እየተራ ተዘጉ። በደቡብ ዌልስ በመንግሥት እጅ የቀረው የመጨረሻው ጥልቅ ጕድጓድ ታወር ነበር። እሱም በገበያው ኹኔታ አያዋጣም ተብሎ እንዲዘጋ ተወሰነ። የወረዳው የፓርላማ ተመራጭ ወይዘሮ አን ክሉዊድ ጕድጓዱ ውስጥ ወርደው 27 ሰዓት ያኽል አንወጣም ብለው ተቀመጡ። ቢኾንም አፕሪል 22 ቀን 1994 በሩ ተዘጋ፤ ሰዎቹም የመሰናበቻ ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንግዲህ አስቡት። በእጅኽ ያለው ገንዘብ ሥራኽን የሸጥክበት የመጨረሻ ገንዘብ ነው። ልጆች አሉኽ፤ የቤት ዕዳ አለብኽ፤ በሸለቆው ሌላ ሥራ የለም። የማኅበርኽ ጸሐፊ መጥቶ «ከዚህ ላይ 8 ሺሕ ፓውንድ አምጣና መንግሥት አያዋጣም ብሎ የዘጋውን ጕድጓድ እንግዛ» ይልኻል። ትሰጣለኽ? በልባችን ስንመልሰው እኛ ራሳችን አንድ ቃል አልኾንንም፤ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከመካከላችን ሁለቱ «አንሰጥም» ብለው እስከ ዛሬ በዚያው ናቸው። እዚያ ግን 239 ሰዎች ሰጡ። ስምንት ሺሕ በ239 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 912 ሺሕ ይኾናል፤ በመጨረሻ የተስማሙበት የጕድጓዱ ዋጋ ደግሞ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የከሰል ጕድጓዶች ለግል ሀብታሞች በሚሸጡበት በዚያው ጊዜ የገዥዎቹን ሰልፍ ተቀላቀሉ ማለት ነው። በደቡብ ዌልስ የማዕድን ሥራ ዕውቅ መሐንዲስ የነበሩት ፊሊፕ ዊክስ ያለ ደመወዝ ሊቀ መንበር ኾነው አገለገሏቸው። ጃንዩወሪ 2 ቀን 1995 ሠራተኞቹ ሰልፍ ሠርተው ወደ ጕድጓዳቸው ወጡ፤ በማግሥቱም ሥራ ተጀመረ።

አያዋጣም የተባለው ጕድጓድ 13 ዓመት ሠራ። የተዘጋውም የሚቈፈረው የከሰል ድርሻ ስላለቀ እንጂ ስለ ከሠረ አይደለም፤ የመጨረሻው ሥራ ጃንዩወሪ 18 ቀን 2008 ነበር። ይህ ለእኛ ትልቁ ነገር ነው። የመዝጋቱን ውሳኔ የሰጡት ዐዋቂዎች ሒሳብ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሒሳቡን የሠሩት ግን ሌላ ሥራ ባላቸው ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

ነገሩን ግን ተረት አናድርገው። ሠራተኛው የጕድጓዱ ጌታ ኾነ እንጂ የከሰል ዋጋ ጌታ አልኾነም። ዋናው ደንበኛው አበርቶ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበርና ያ ደንበኛ ፊቱን ቢያዞር 239ኙ ባለአክሲዮኖች ምን ያደርጉ ነበር? የማኅበሩ ጸሐፊ የኩባንያው ዲሬክተር ሲኾን፣ ደመወዝ ይጨመር ብሎ የሚጠይቀው ማንን ነው? ከመግዛቱ በኋላ የተቀጠረ፣ መጀመሪያ ስምንቱን ሺሕ ያላዋጣ ወጣት፣ ከባለቤቱ ጐን ሲቈፍር ስሙ ማን ይባል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመምህሮቻችን ትተናል፤ እኛ ሞክረን አልተሳካልንም።

ከ2008 በኋላ ጕድጓዱ ተደፈነ። ከ2012 ጀምሮ በዚያው ምድር ላይ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋራ በሽርክና የቀረው ከሰል ከላይ ተገልጦ ለጥቂት ዓመታት ተቈፍሯል። አበርቶም በ2020 ተዘጋ፤ ታይሮን ኦሳሊቫን በ2023 ዐረፉ። በጕድጓዱ ቦታ ላይ ከ2021 ጀምሮ ጐብኚዎች ከተራራው በሽቦ ተንጠልጥለው በአየር እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ፤ ለዚህም ይከፍላሉ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ «አንሰጥም» ያሉት ሁለቱ ጓደኞቻችንም እዚሁ ከፊት ተቀምጠዋል።