ስለ ሆድ መርፌ ለእናቶች የተደረገ ንግግር
ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሆድ መርፌ ነው። መርፌው ሆድ ላይ ይወጋል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ከድንጋጤውም የተነሣ እብድ ውሻ የነከሰውን ልጅ ከሐኪም ቤት የሚያስቀር ወላጅ አለ። ነገሩን ከበጉ እንጀምረው።

የደብረ ብርሃንንና የአንኮበርን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ሌሊት የተወለደ የበግ ግልገል ጡት ሳይዝ ካደረ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ አንገቱን ማቅናት ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን ግልገል የከብት ሐኪም ሲያገኘው ለብ ያለ የግሉኮስ ውሃ በእምብርቱ አጠገብ ወደ ሆዱ ውስጥ ይወጋዋል። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ስኳሩን መጥጦ ለደም ያቀብላል። ግልገሉ የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተወለደ ብዙ ሰዓት ሆኖት ጉልበቱ ያለቀውን አስቀድሞ እሳት ዳር ማኖር ሊገድለው ይችላል።

ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው። መርፌው ከሳተ አንጀት፣ ጉበት ወይም የሽንት ፊኛ ይበሳል፤ ንጹሕ ካልሆነም ሆድ ውስጥ መግል ይቋጥራል። «ለበጌ የበጀ ለልጄም ይበጃል» ብላችሁ መርፌ ይዞ በየገበያው ለሚዞር ሰው የልጃችሁን ሆድ አትስጡ። በሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ መድኃኒት የሚገባው በሆስፒታል፣ በታወቀ ምክንያት ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ መርፌ ግን ሌላ ነው። ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ በሐኪም ያስወጋው በሆዱ ቆዳ ሥር ነበር። በአገራችንም ከበግ አንጎል አዲስ አበባ ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ለብዙ ዘመን በሆድ ቆዳ ሥር፣ በየቀኑ፣ ከዐሥር ቀን በላይ ይሰጥ ነበር። ያም ነው እስከ ዛሬ የሚወራው። ያም ነበር፤ አይካድም፤ አንጀት ግን አይነካም ነበር። አዲሱ ክትባት ደግሞ የሚሰጠው በክንድ፣ ለሕፃን በጭን ነው፤ ቁጥሩም ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ምን ያስፈራል?

ውሻ፣ ድመት ወይም ቀበሮ ልጁን ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን ወዲያው በሳሙና እጠቡት፤ ውሃውን በጣሳ እያንቆረቆራችሁ 15 ደቂቃ ሙሉ። ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው። አመድ አትነስንሱበት፣ በርበሬም አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቁስሉ ቢድን አትታለሉ፤ በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ልጁ ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ጠበል ልትወስዱት ብትፈልጉ የሚከለክላችሁ የለም፤ መርፌውን ግን አታስቀሩበት።

ውሻው የታወቀ ከሆነ፣ ሳይነክሳችሁ ማሰር ከቻላችሁም፣ አትግደሉት፤ 10 ቀን ይታይ። ልጁ ግን እነዚያን 10 ቀናት ቤት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ይሂድ።

በሉ እንግዲህ፣ ጥያቄ ያላት እናት ትጠይቅ።