ስለ አሮጌው ጽሕፈት መኪናና ስለ ልጆቻችን የእጅ ሥራ

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዐሥር ደቂቃ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ጉዳዩ በንብረት ክፍላችን ስለተቀመጠው አሮጌ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ነው። የሰፈራችን ወጣቶች «ቁልፎቹን ነቅለን ለኮምፒውተር ኪቦርድ እናድርጋቸው፣ መኪናውን ስጡን» ብለው ማመልከቻ አስገብተዋል። «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ ነገሩን አጣርቻለሁና ከመወሰናችን በፊት ልንገራችሁ።

ሥራው ስቲምፐንክ ይባላል። ስቲም ማለት እንፋሎት ነው። ስሙን ያወጣው ጄተር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1987 ለአንድ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ የልብ ወለድ ዓይነት ነበር፤ ኋላ የእጅ ሥራም ሆነ። ኮምፒውተር በእንፋሎት ዘመን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር? ብለው አስበው፣ ፕላስቲኩን ትተው በናስ፣ በቆዳና በእንጨት ያስጌጡታል። እንፋሎቱስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ያስመጣውን የእንፋሎት መኪና አባቶቻችን «የሰርኪስ ባቡር» ይሉት ነበር። ወፍጮውንም ቢሆን እስከ ዛሬ ባቡር የምንል አለን።

በአሜሪካ አገር ጄክ ቮን ስላት በሚል ስም የሚታወቅ ሰው የአይቢኤምን ሞዴል ኤም ኪቦርድ በዚህ መልክ ሠርቶ ስሙ ተጠራ። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። ይህ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሞላ ስላለው ሲመቱት እንደ ጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭ ይላል። የፕላስቲኩ ቆብ ወደ ላይ ሲስቡት ይወጣል። አናቱ በመጋዝ ይቆረጥና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያ የጽሕፈት መኪናው ክብ ቁልፍ ከክንዱ በፒንሳ ተቆርጦ፣ ሥሩ በሞረድ ተልጎ፣ ከሁለት ቱቦ በሚደባለቀው ጠንካራ ማጣበቂያ ይለጠፋል። አንዱ ከተጣመመ ረድፉ በሙሉ ያስቀይማል። ዙሪያውን በናስ ላሜራ ይለብጡታል፤ ናሱን በሎሚና በአመድ መወልወል እናቶቻችን ያስተምሯቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። ኪቦርዱ 101 ቁልፍ አለው። ጽሕፈት መኪና ግን ያለው 50 ገደማ ነው። አንድ ኪቦርድ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መኪና ይበላል ማለት ነው! በውጭ አገር አሮጌ ጽሕፈት መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ከቁልፍ ነቃዮች ጋር የሚጣሉት ለዚህ ነው። እኔም በዚህ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ነኝ።

በአማርኛ ጽሕፈት መኪና እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ በሙሉ አይገባላትም። ታዲያ ምን ተደረገ? ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው ቀረጹት። ግንዱን ትመታለህ፣ ቅጥያውን ትደርብበታለህ፣ ፊደሉ ይሞላል። መልኩ አንዳንዴ ይንጋደዳል፣ ግን ይነበባል። በዚህ ብልሃት ከደከሙት ቀደምቶች ኢንጂነር አያና ብሩ ይጠቀሳሉ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ፊደል ስለሚያወጣ ልጆቻችን ያን ድካም አያውቁትም። የእኛይቱ ደግሞ ሪባን ቢገዛላት ዛሬም ትመታለች፤ የመጀመሪያው መተዳደሪያ ደንባችንና የመሥራች አባላት ስም ዝርዝር የተጻፈው በእርሷ ነው። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ስንቶቹን እንደሸኘን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ እርሷ አትነካ እላለሁ። ልጆቹን ግን ባዶ እጃቸውን አንስደዳቸው። በዚያው ክፍል ክንዱ የተሰበረ የእንግሊዝኛ መኪና አለ፤ እርሱን ይውሰዱ። የጎደለውን ምናለሽ ተራ ወርደው የማይሠራ ይፈልጉ። ድንኳን ማስቀመጫውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ብንፈቅድላቸው ምን ይጎዳናል? ድንኳኑ ለለቅሶ ሲወጣ እጅ ያግዙናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ልጆቹ ለጌጥ አሮጌ ሰዓት እየፈቱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ከተሠሩት በጨለማ የሚያበሩ ሰዓቶች ውስጥ ራዲየም የተቀቡ አሉ። ብርሃኑ ቢጠፋም መርዙ አልጠፋም፤ ግማሹ እንኳ ለማለቅ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ይህን ቀለም የሚቀቡ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ መንጋጋቸው የበሰበሰ፣ የሞቱም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰዓት አይክፈቱት፣ አይፋቁት። ያ ወፍራሙ የድሮ ስክሪንም ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ውስጡ ብዙ ሺህ ቮልት ሊያቆይ ይችላልና ጀርባውን አይፍቱ። ወላጆች ዛሬውኑ ማታ ጠይቋቸው።

ማመልከቻው ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። መኪናዋን ማየት የሚፈልግ ካለ የክፍሉ ቁልፍ በንብረት ኃላፊዋ እጅ ነው።