ሕመሙ ተወ እንጂ በሽታው አልተወም
(ስለ ሪህ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ማለት ቀብር ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል እንደምንሰባሰብ ሁሉ፣ ሰው በቁሙ ሳለ ስለ ጤናው ብንነጋገር የሚከለክለን ደንብ የለም። ስለዚህ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ጠባዩን ስለማናውቀው ስለ ሪህ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በየሰፈሩ ጉልበቱን የቆረጠመው፣ ወገቡን የያዘው፣ ብርድ የመታው ሁሉ «ሪህ ነው» ይባላል። እኔ የምናገረው ግን በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ ስለሚመጣው ነው። ዩሪክ አሲድ ከራሳችን ሰውነትና ከምንበላው ምግብ የሚገኝ ቆሻሻ ሲሆን፣ አብዛኛውን አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ማስወጣቱ ሲያቅተው ወይም ቆሻሻው ከልክ ሲያልፍ፣ ትርፉ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ ይጋገራል። «የሀብታም በሽታ ነው» መባሉም ትክክል አይደለም፤ በዘር የሚወረስና ከኩላሊት አሠራር የሚመጣ ስለሆነ ደሃውንም ይይዛል።

አመጣጡ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። ሰውየው ደህና አምሽቶ ይተኛል፤ ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት እሳት እንደነካው ሆኖ ያነቃዋል። ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይችልም። ቁርጭምጭሚትና ጉልበትም ይይዛል። ይበልጥ የሚያጠቃው ወንዶችን ነው፤ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው የወር አበባ ከቆመ በኋላ ስለሆነ፣ እናቶችም እንዳትዘናጉ። ካበጠው መገጣጠሚያ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሌላ አደገኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሕመም አታላይ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ካሠቃየ በኋላ፣ ምንም መድኃኒት ባይወሰድ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ያን ጊዜ አንዱ «ቅባቱ ነው ያዳነኝ» ይላል፤ ሌላው ፍል ውሃውን፣ ሌላው መርፌውን ያመሰግናል። ነገር ግን ሕመሙ ተወ እንጂ በሽታው አልተወም። ክሪስታሉ እዚያው ተቀምጧል። ወራት ወይም ዓመታት ጸጥ ብሎ ይመለሳል፤ እየቆየ ሲሄድም ይደጋገማል። በጆሮ፣ በክርንና በጣት ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ያወጣል፣ አጥንት ይበላል፣ በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብና የኩላሊት በሽታም ብዙ ጊዜ አብረውት ይገኛሉ። እንግዲህ ጣቱን ለማሳየት የሄደ ሰው ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኩላሊቱንም ተመርምሮ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዳይክሎፌናክና እሱን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሕመሙን ያበርዳሉ እንጂ ዩሪክ አሲዱን አይቀንሱም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዘወትር ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ቆሻሻውን የሚያስወጣልን ኩላሊት ሆኖ ሳለ እሱኑ መጉዳት፣ የገዛ ቤትን በር በውጭ መቆለፍ ነው።

ዩሪክ አሲዱን የሚያወርድ መድኃኒት ግን አለ። አሎፑሪኖል ይባላል፤ በአሜሪካ ለሪህ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እሱንና ሌሎች መድኃኒቶችን ካስገኙት ሊቃውንት መካከል ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ሕመሙ ለሚደጋገምበት ሰው ሐኪሙ በትንሽ መጠን ይጀምርለትና፣ ዩሪክ አሲዱ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ደሙን እያስመረመረ ይጨምርለታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። ይህ የተጋገረው መሟሟቱ ነውና ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት፤ ለዚህ ጊዜ ሐኪሙ ኮልቺሲን የሚባል መድኃኒት ሊጨምርላችሁ ይችላል። የቆዳ ሽፍታ ከወጣ ግን አሎፑሪኖሉን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ቢሆንም በገዛ እጃችሁ አታቁሙት፤ «ሪህ አለብኝ» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ስለ ምግብ ደግሞ፦

1ኛ/ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት ይቅር፤ ቁርጡና ክትፎው ይቀነስ።

2ኛ/ ቢራና አረቄ በተለይ ይጎዳሉ፤ ጠጁና ጠላውም አልኮል መሆናቸው አይረሳ። ስኳር የበዛበት ለስላሳም እንዲሁ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

3ኛ/ ልብ ወይም ኩላሊት ታመው ሐኪም ካልከለከለ በቀር ውሃ በደንብ ይጠጣ።

4ኛ/ ሽሮ፣ ምስርና ክክ አያስፈሩ፤ በእነሱ የሚመጣው እንደ ሥጋው አይደለም። ቡናም አልተከለከለም።

5ኛ/ ወፍራም ሰው ቀስ በቀስ ክብደት ይቀንስ። ከረጅም ጾም በኋላ በአንድ ቀን ሥጋና መጠጥ ላይ መውደቅ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ በዓሉ በልክ ይሁን።

ይሁንና በምግብ ጥንቃቄ ብቻ የሚድነው ጥቂት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የታዘዘለት ሰው አያቋርጥ።

በመጨረሻ የምለው ለበሽተኛው ሳይሆን ለእኛ ለጎረቤቶቹ ነው። በድግስም በማኅበርም «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያልን ማጉረስ ደግ ባህላችን ነው። ነገር ግን ዱለት አልበላም፣ ቢራ አልጠጣም ያለውን ሰው እንደ ኩራተኛ አንይበት፤ ምክንያቱንም በሰው ፊት አናስለፍልፈው። ሽሮውን እናቅርብለት፣ ውሃውን እንቅዳለት። ሕመሙ ሲተወው ደግሞ «እንኳን ማረህ» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «ደምህን ተመረመርክ ወይ?» እንበለው። ያቺ አንዲት ጥያቄ የአንድ አባላችንን ኩላሊት ልታድን ትችላለች።